ለልጄ የሳልኩላት እናት

ጀመዓ፣ ይህን ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ።

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም፤ ረመዳን ከወጣ በኋላ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። የረሳሁት ቀኑን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

እኔና ልጄ ረህመት የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እየወጣች የእንግሊዝኛ ኮርስ ትማራለች። አንድ ቀን መጥታ ዛሬ «ዲፒክት» የሚባል ቃል ተማርን አለችኝ።

እኔ የአራተኛ ክፍል ሰውዬ ምን አውቃለሁ? ምንድን ነው አልኳት።

ያላየ ሰው ያየ እስኪመስለው ድረስ አንድን ነገር በሥዕል ወይም በቃል ማሳየት ነው አለችኝ። ሠዓሊው አንዲት ሴት ዲፒክት አደረገ ይባላል። መጽሐፉ የገበሬን ኑሮ ዲፒክት ያደርጋል ይባላል።

«የሌለ ነገርስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ይደረጋል አባ። ጂኒም ይደረጋል። ቃሉ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።»



ለምን እንደጠየቅኳት ልንገራችሁ። እናቷ ፋጡማ፣ አላህ ይርሐማት፣ ረህመትን በወለደች በአርባ ቀኗ ነው የሞተችው። አንድ ፎቶ የላትም። ደሴ ወጥተን እንነሳለን፣ እንነሳለን እንዳልን ቀረን።

ረህመት ከልጅነቷ ጀምሮ እናቴ ምን ትመስል ነበር ትለኛለች። እኔም ስነግራት ኖርኩ። ዐይኗ ትልልቅ፣ አንገቷ ረጅም፣ ቀይ ሻሿን ወደ ግራ ዘንበል ያደረገች፣ ጨረቃ የመሰለ ጉትቻ ያላት።

ለካ የነገርኳትን ሁሉ ጽፋ ይዛ ኖሯል!

የኮርሱ የቤት ሥራ ከቤተሰብ አንድ ሰው ዲፒክት አድርጉ የሚል ነበር። ወረቀቷን ይዛ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሠዓሊ ዘንድ ሄደች። ሳለላት። በመስታወት አስገባችው።

ከዚያ ረህመት፣ የእናቷ ታላቅ እህት እትዬ ዘምዘም ትየው ብላ ኩታበር ወሰደችኝ። እኔም ኮቴን ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ምነው በቀረሁ!

እትዬ ዘምዘም ሥዕሉን ተቀበለች። ራቅ አደረገችው፤ ቀረብ አደረገችው።

«ይቺ ደሞ ማን ናት?»

«እማዬ ናት» አለች ረህመት።

«እህቴንማ አውቃታለሁ። ይቺ እናንተ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የነበረችው የካላንደሯ ሴትዮ ናት።»



እውነቷን ነው። አንድ የጨርቅ ሱቅ የሰጠኝ ካላንደር ነበር። ዓመቱ ካለፈም በኋላ ለቤቱ ጌጥ ብዬ፣ ረህመት ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ተቀዶ እስኪወድቅ ድረስ ሳላወርደው ኖርኩ። ልጄ ስትጠይቀኝ ዐይኔ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር ማለት ነው። ሆን ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ወላሂ እኔም አምኜው ነበር።

ረህመት አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሥዕሉን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ቀስ ብላ፣ «አባ፣ ከነገሩኝ ውስጥ እውነት የሆነ አንድ ነገር አለ? አንድ ብቻ» አለችኝ።

አሰብኩ፣ አሰብኩ። አንድም አጣሁ።

ከፋጡማ ጋር ሁለት ዓመት እንኳ አልኖርንም፤ ያውም እናቴ ቤት። ሙሽራ ደግሞ አማቷ ፊት ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ ፊቷን ሸፍና ነው የምትውለው። እኔ ፋብሪካ ሺፍት እገባለሁ፤ እሷ ስትነሳ እኔ እተኛለሁ። ከጓዳ ሳቋን እሰማው ነበር። ሳቅ እንዴት ዲፒክት ይደረጋል?

እትዬ ዘምዘም አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ሙሄ፣ እኔ አብሬያት አድጌያለሁ። አንተ ልታያት ስትጀምር ነው የሄደችብህ። ቀና በል።»

ከዚያ ረህመትን አጠገቧ አስቀምጣ ትነግራት ጀመር። ግንባሯ ሰፊ፣ ቀኝ ዐይኗ ከግራው ጠበብ ያለ፣ ልጅ ሳለች ወድቃ የፊት ጥርሷ የተሸረፈ። እንደ ካላንደሯ ሴትዮ ቆንጆ አይደለችም።

ሠዓሊው እንደገና ሳላት። ረህመት ሥዕሉን አቅፋ አለቀሰች። «አሁንስ አወቋት አባ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

አላወቅኳትም።

ይህን ፌስቡክ የከፈተችልኝ ረህመት ናትና ታነበዋለች። ታንብበው። ሌላ ሴት ልስልላት አልፈልግም።

እስቲ እናንተ ዐይናችሁን ጨፍኑና የሚስታችሁን ፊት ንገሩኝ። ከየት ትጀምራላችሁ?

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሥዕሉ ፊት ተቀምጬ ሚስቴን እያጠናሁ ነው። በየጁምዓው ስልክ ይጮሃል፤ ዛሬም ስለ ፋጡማ አንድ ነገር ልንገርህ የሚል ድምፅ ይመጣል። ያን ቀን ያሻገረችኝ፣ ዛሬም የምታሻግረኝ እሷ ናት፤ የኩታበሯ እትዬ ዘምዘም።