መስታወት የሚልሰው ዓሣ

ሾፌር ጎረቤት ያለው ሰው አፉን መጠበቅ አለበት። ለሌላ ሰው «ባሕር አይቼ አላውቅም» ብትሉት «እኔም» ብሎ ያልፋችኋል። ለአሰብ መስመር ሾፌር ብትሉት ግን ባሕሩን በጀሪካን ቀድቶ ያመጣላችኋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው...

በደርግ ጊዜ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ማርቢያ መስታወቱን፣ አየር ከሚነፋው ትንሽ ሞተር ጋር ትቶልኝ ሄደ። ይህንን ለጎረቤቴ ለሰይድ አጫወትኩት። ሰይድ ወሎዬ ነው፤ ተሳቢ እየነዳ አሰብ ይመላለሳል። ከሚቀጥለው ጉዞው አራት ጀሪካን የባሕር ውኃና ሦስት ባለመስመር ዓሦች ይዞልኝ መጣ።

«ወላሂ ንጹሕ የአሰብ ውኃ ነው» አለኝ፣ ዘምዘም ያመጣልኝ ይመስል።

ወር ሳይሞላ መስታወቱ በአረንጓዴ ልጋግ ተሸፈነ። ዓሦቹ ውስጥ መኖራቸውን የምናውቀው በእምነት ብቻ ሆነ። ሰይድ ይህንንም ሰማና አንድ አፈ ሰፊ፣ ቡናማ ዓሣ ጨመረልኝ። «አጥማጆቹ እንደነገሩኝ ሌላ ምግብ አያምረውም፤ ያንን አረንጓዴ ብቻ ነው የሚልሰው» አለ። እውነትም ከጧት እስከ ማታ ሲልስ ይውላል። ባለቤቴ አስካለ አየት አድርጋው፣ «እዚህ ቤት ሳይነገረው የሚሠራ ወንድ ገባ ማለት ነው» አለች። 

አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትለው መጡ። ጨው በቀበሌ ሱቅ በኮታ የሚታደልበት ጊዜ ነበር። እኔ ደግሞ ጨው በውኃ በጥብጬ በጀሪካን ደብቄያለሁ ተብሎ ተጠቁሟል። ሊቀመንበሩ ጣታቸውን መስታወቱ ውስጥ ነክረው ቀመሱ።

«ጨው ነው» አሉ።

«የባሕር ውኃ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታዲያ ባሕሩ እዚህ ምን ይሠራል?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? «የኢኮኖሚ አሻጥር» የምትባለው ቃል ስንቱን እንደበላች ያየ ያውቃል።  ያዳነኝ ሰይድ ነው፤ ከነቱታው ሮጦ መጣና፣ «ጓድ፣ ውኃውን ከአሰብ የጫንኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ያንን ቡናማውን ይዩት፤ ቆሻሻ እያጸዳ ነው የሚኖረው፤ የሰው ራሽን አይነካም» አለ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ «ወዛደር ነው» አሉ። እኔን ማሩኝ፤ ዓሦቹ ግን ሕዝቡ እንዲማርባቸው ከነመስታወታቸው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተወሰዱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስጠሩኝ። ለበዓል በተደረገው የጽዳት ዘመቻ የቀበሌው ሴቶች መስታወቱን በቃጫ ፈትገው እንደ አዲስ አንጸባርቀውታል። ቡናማው ዓሣ ከስቶ፣ አንድ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ምነው ሥራ ፈታ?» አሉኝ ሊቀመንበሩ። ልጁ እንደታመመበት አባት ነበር አነጋገራቸው።

«ሥራውን ዘመቻው ወሰደበት፣ ጓድ። መስታወቱ ካልቆሸሸ አይበላም።»

 ከዚያ ወረቀት አውጥተው ጻፉ፤ ማኅተም መቱበትና መስታወቱ ላይ ለጠፉት፦ «ይህንን ልጋግ ማንሳት ክልክል ነው።»

ዓሣው ተረፈ፤ እንዲያውም ወፈረ። በአንዱ ረጅም ስብሰባ መሐል ሰይድ ዓሣውን ሲያየው ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«በዚህ አዳራሽ ምን እንደሚበላ ተጠይቆ ውሳኔ የተሰጠለት እሱ ብቻ ነው።»