የልጄ መጠይቅና የአጋሮ ሴት ልጆች

ሰው ሲጠየቅ መልሱን ከማሰቡ በፊት ጠያቂው ምን ፈልጎ እንደመጣ ያስባል። ይህን የተማርኩት ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ ሳይሆን ከልጄ ከሰሎሞን ማስተርስ ነው። ዲግሪው የሱ ነው፤ ግማሹን መንገድ የሄደው ግን የኔ እግር ነው ብል አይቆጣም።

ሰሎሞን መምህር ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ልኮት በትምህርት ማስተርሱን ሲማር ቆይቶ የመመረቂያ ጥናቱ ብቻ ቀረችው። ጥናቱ በቡና አገር ሴት ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡት ለምንድን ነው የሚል ነበር። አማካሪው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ቤት ለቤት እየዞረ ወላጆችን እንዲጠይቅ አዘዙት። ከገና በፊት ካላስረከበ የዚያን ሁሉ ጊዜ ልፋት ትቶ ባዶ እጁን ወደ ጠመኔው ሊመለስ ነው።

መጀመሪያ የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ ብቻውን አጋሮ ገባ። እንግዲህ በዚያ በዘመቻ ዘመን፣ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ «ስንት ልጆች አሏችሁ?» የሚል ሰው ምን ይመስላችኋል? ለውትድርና ሊመለምል የመጣ መሰላቸው። ወንዶቹ አጥር ዘለው ቡናው ውስጥ ገቡ፤ እናቶቹ ከነጭራሹ መካን ሆኑ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመለስ፣ ደብዳቤህን ኪስህ ክተትና እኔን ይዘህ ሂድ፣ ነጠላ ከማኅተም ይሻላል አልኩት።

ያረፍነው በርበሬ ነጋዴዋ አደ ዘይነባ ዘንድ ነው፤ ዱሮ ጅማ ጎረቤቴ ነበረች። ነጠላ እውነትም ተሻለ! የገባንበት ቤት ሁሉ ወንበር ተጠረገልን፣ ዳቦ ተቆረሰልን። ሰሎሞን ሴት ልጃችሁ ዕድሜዋ ስንት ነው፣ ስንተኛ ክፍል ናት፣ ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች እያለ ይጽፋል። እናቶቹ ደግሞ ልጄ ጎበዝ ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም ይላሉ። ይህን የሚሉት በማክሰኞ ረፋድ፣ ልጅቷ ፀጉሯን ተሠርታ እጃችንን እያስታጠበችን ነው!

ማታ ሰሎሞን ወረቀቶቹን አገላብጦ አንዲትም ያቋረጠች ልጅ አጣ። እማዬ፣ አለቀልኝ፣ ማንም የማያቋርጥበት አገር መጥቼ ለምን ያቋርጣሉ እላለሁ አለኝ።

አደ ዘይነባ ሳቋ አላስቀምጥ አላት። ያ ረቢ! አንቺ ሴትዮ፣ ያላገባ ወንድ ልጅሽን አስከትለሽ የሰው ሴት ልጅ ዕድሜና ሙያ ስትጠይቂ ሰው ምን ይበል? ክርስቲያኖቹስ ይሁን፤ የኛዎቹ ሙስሊሞቹ ደግሞ ባይድሩላችሁም ልጃችን ከማን ታንሳለች ብለው ነው አለች።

መድኃኒቱንም እሷው አገኘች። በገበያ ቀን ልጁ አዲስ አበባ እጮኛ አለችው ብላ ወሬ ልትለቅ ነው። ውሸት አልወድም፣ እግዜር ይታዘበናል አልኳት። የምናገረው እኔ ነኝ፣ አንቺ ዝም በይ አለችኝ። ዝም አልኩ።

እንደገና ስንዞር ዳቦው ጠፋ፤ እውነቱ ግን መጣ። የምን አንደኛ! ቡና ሲቀላ ለቀማ ትወጣለች፣ ስትመለስ ትምህርቱ ጥሏት ሄዷል፣ ከትንንሾች ጋር መቀመጥ አፍራ ትቀራለች አሉን። ሰሎሞን ሲጽፍ እኔንም መጠየቅ አማረኝና አንዷን እናት፣ መልሰው ቢቀበሏት ትማር ነበር? አልኳት። እናቲቱ አፏን ሳትከፍት ከጓዳ «ኤዬ!» የሚል የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ አዎ ማለቷ ነው። ያቺ መልስ መጠይቁ ላይ ቦታ አልነበራትም፤ ሰሎሞን ጠርዙ ላይ ጻፋት። አማካሪው ከሁሉ የወደዱት እሷን ነው አሉ።

ልጄ ማስተርሱን ያዘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ገበያ ላይ የተለቀቀ ወሬ ግን መላሽ የለውም። በቡና መኪና ተጭኖ ጅማ ገባ። አሁን ሴት ልጅ ያላት እናት ጋ ጨዋታ ስጀምር ገና ምኑም ሳይነሳ፣ ምራትሽ እንዴት ናት፣ ከአዲስ አበባ መቼ ትመጣልሻለች? ትለኛለች።

ውሸት አልወድም ብያችኋለሁ። እኔም ጠዋት ጠዋት እግዚአብሔርን የምጠይቀው ይህንኑ ነው እላለሁ። እስካሁን መጠይቁን ሞልቶ አልመለሰልኝም።