ግራ ጉንጬ በሦስት ዲግሪ

ደህና ሆኖ ከቤቱ የወጣን ሰው በአንድ ቁጥር ታማሚ አድርገው የሚመልሱ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዱን ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ታደለ ይባላል፤ የቡና ማድረቂያ ግቢያችንን ሞተሮች የሚፈትሽ ቴክኒሻን ነው። ሙቀትን በቀለም የሚያሳይ ካሜራ አለው፤ ሰላምታውም በእሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት፣ የተሰጣ ቡናዬን ለማየት ከቴፒ በሚኒባስ መጥቼ ገና ከግቢው በር ስገባ ካሜራውን ፊቴ ላይ ደገነ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ እንደገና ደገነው። ሐኪም አንዴ ያየውን ደግሞ ሲያይ ምን እንደሚሰማ ታውቁት የለ?

«ምነው?» አልኩት።

«ግራ ጉንጭህ ከቀኙ በሦስት ዲግሪ ይበልጣል። አማካይ ሙቀትህስ ደህና ነው፤ ያላማረኝ ስርጭቱ ነው።»

ስርጭት! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉንጭ እንጂ ስርጭት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ወዲያው ግራ ጥርሴ ጠዘጠዘኝ፤ ግራ ጆሮዬም ጮኸብኝ። ልጆቼን ለማን አደራ እንደምሰጥ ማሰብ ጀመርኩ።

ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራው የማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጠው እትዬ ዘሀራ እጇን ሳታቆም «መኪናው ውስጥ በየት በኩል ተቀምጠህ መጣህ?» አለችኝ።

«በግራ፣ መስኮቱ ጋ።»

«ታዲያ ፀሐይ መትቶህ ነዋ! ቡናም ካላገላበጡት አንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሞቀው።»

ታደለ ራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ጭንቀት በሳቅ ይለቃል? ቀኝ ጉንጬን ወደ ፀሐይ አዙሬ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። እትዬ ዘሀራ ቡናዋን እያገላበጠች ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ ታየኝና «ገና ነህ» ትለኛለች።