የጓንጉል ቤት ሐረግ

ጎንደር ሳሙና በር የአቶ ጓንጉልን ቤት የማያውቅ ሰው ጥልፍ አላውቅም ቢል ይቀለዋል። ካባ የሚያሠራ ካህን፣ ልጁን የሚድር አባት፣ ቀሚሷን አጥልፋ አደባባይ መታየት የምትሻ ሁሉ የሚያቀናው ወደዚያ ቤት ነው። አቶ ጓንጉል ድሮ በእጃቸው ይጠልፉ ነበር። አሁን ዓይናቸው ደክሞ መርፌውን ትተዋል፤ የምትጠልፈው ፊት ለፊት ክፍል የተተከለችው ማሽን ናት። ማሽን ደግሞ ከራሷ ምንም አታመነጭም። ሰው በኮምፒውተር የሳለላትን ሐረግ ተከትላ መሄድ ብቻ ነው ሥራዋ።

የቤቱ ሐረግ በሙሉ፣ አቶ ጓንጉል በወጣትነታቸው ያወጡት ሳይቀር፣ "ትልቋ" በሚሏት ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ፎልደር ተቀምጧል። የፎልደሩም ስም "ሐረግ" ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ከያለበት ክፍል፣ ከየራሱ ኮምፒውተር በኔትወርክ ገብቶ የሚፈልገውን ያወጣል፣ ይስላል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሁሉ ስል ግን ትርንጎን ሳልጨምር ነው።

ትርንጎ የአቶ ጓንጉል የበኩር ልጅ ናት። መተማ ተድራ ነበር። ትዳሩ አልሆን ሲላት አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዛ ተመለሰች፤ ሌላውን ለባሏ ጣለችለት። ከጓሮ ያለችው ክፍል ተሰጠቻት። ሰፈሩ እንደ ልማዱ "ምን አጥፍታ ይሆን?" አለ። እሷም እንደ ልማዷ ቀና ብላ ሄደች። የጓንጉል ልጅ አንገቷን የምትደፋው ለመርፌ ብቻ ነው ይላሉ፤ ውሸት አይደለም።

እሷ መተማ ሳለች ቤቱን የያዘው ታናሽ ወንድሟ ይርዳው ነው። አሮጌዋን ኮምፒውተር ሸጦ አዲስ ገዛ፤ ትልቋ የምትባለው አሁን ይህችው አዲሷ ናት። ትርንጎ ላፕቶፗን ከፍታ ወደ ቤቱ ኔትወርክ ስትገባ የትልቋ ስም ስክሪኗ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "ሐረግ" የሚለውም ይታያል። ልግባ ስትል ግን "ለመግባት ፈቃድ የለዎትም" የሚል ጽሑፍ ይወጣባታል። ኮምፒውተር ጨዋ ናት፤ ስትከለክል እንኳ አንቱ ብላ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንቱ ተብሎ ከደጅ መመለስ ከስድብ ይብሳል።

"እስኪሠራ ድረስ" እየተባለ ይርዳው የሚያስፈልጋትን በፍላሽ እየቀዳ በመስኮት ያቀብላታል። የቱ እንደሚያስፈልጋት የሚመርጠውም እሱ ነው። ስላ ስትጨርስ በዚያው ፍላሽ ትመልስለታለች። ትልቋ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ስለሆነ ሥራው የሚመዘገበው በእሱ ስም ነው። ደንበኛው መጥቶ ጥልፉን ያይና ይርዳውን እጅህ ይባረክ ይለዋል። ትርንጎ ይህን ሁሉ ከጓሮ ሆና ትሰማለች። ምን ይደበቃል፣ ያንገበግባታል። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ፎልደር ካለው ሐረግ ግማሹን የሳለችው እሷ ናት፤ ገና ልጃገረድ ሳለች።

እንዲህ እንዳሉ ከአዘዞ ወይዘሮ አልጋነሽ የምትባል ሴት ልጇን ልትድር ነውና መጣች። ለሙሽራዋ ከቀሚሷ ጫፍ ተነስቶ እስከ ትከሻዋ የሚወጣ አንድ ሐረግ ፈለገች፤ መሃል ላይ የማይቆረጥ። እንዲህ ያለውን ከትርንጎ በቀር በቤቱ የሚስል የለም። ይርዳውም ይህን አይክድም። ፍላሹን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ።

ትርንጎ ፍላሹን አልተቀበለችውም። እስላለሁ አለች፣ ግን እንደ ሰው ገብቼ አወጣለሁ፣ በስሜም አስገባለሁ። ካልሆነ ማሽኑም ሐረጉም ያውላችሁ አለች። የፈለገችው ይኸው ነበር፤ በአባቷ ቤት በራሷ ስም መግባት። ሠርጉ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ይርዳው ክፉ ልጅ አይደለም። እህቱን ይወዳል፤ ቢሆንም መውደድና ማሰብ ለየብቻ ናቸው። እሺ አለና የትርንጎን ኮምፒውተር ሊጠግን ተቀመጠ። መጀመሪያ አጥፍቶ አበራት፤ የኮምፒውተር ሐኪም ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አልሆነም። ኬብሉን ነቅሎ፣ እፍ ብሎ፣ መልሶ ሰካው። አልሆነም። ሰው አገር ከርማ ቫይረስ ይዛ መጥታ ይሆናል ብሎ ሲያስስ ዋለ፤ ምንም አላገኘባትም። ቀጥሎ "አርጅታለች መሰለኝ" አለ። የሚያወራው ስለ ኮምፒውተሯ ነው፤ ትርንጎ ግን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሥራው የዘገየበትን ምክንያት ሲናገር "የእህቴ ተበላሽታብን ነው" ይላል። ወሬው ሳሙና በርን አልፎ አዘዞ ገባ። በመጨረሻም መላ አገኘሁ ብሎ መጣ፤ ፎርማት ትደረግ፣ ያለፈው ሁሉ ይጠረግና እንደ አዲስ ትጀምር። ትርንጎ ላፕቶፗን ከእጁ ወስዳ ከደነቻት። ውስጧ ያለው መተማ ሆና፣ ማንም ሳያያት፣ ለማንም ሳታሳይ የሳለችው ሁሉ ነው። ከአባቷ ደጅ ለመግባት ብላ ያለፈ ዕድሜዋን እንደማትጠርግ በግልጽ ነገረችው።

ይርዳው ጭንቅላቱን አከከ። ሠርጉ እየደረሰ ነው፣ የወይዘሮ አልጋነሽ ስልክ ዕረፍት ነስቶታል።

"በቃ እታለም፣ በኔ ስም ግቢ። ፓስወርዴን ልስጥሽ፣ ማን ያያል?"

"በሰው ስም መግባትን መተማ፣ ባሌ ቤት አይቼዋለሁ" አለችው። "ሲወጡ የሚተርፍ ነገር የለውም።"

ያን ጊዜ ትንሽ ገብቶት እንደሆነ እንጃ፣ ፓስወርዱን ደግሞ አላነሳባትም።

በማግስቱ ትርንጎ ላፕቶፗን በነጠላዋ ሸፍና ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ፒያሳ ወጣች። መንገድ ላይ ያዩዋት "ልታስጠግናት ነው" ተባባሉ። እሷ የሄደችው ግን አብሮ አደጓ ብርነሽ ፎቶ ቤት ነው። ብርነሽም እንደ ትርንጎ ቤት የሠርግ ፎቶዎቿን በአንዲት ኮምፒውተር አጠራቅማ በኔትወርክ ነው የምትሠራው። ትርንጎ ላፕቶፗን ከዚያ ኔትወርክ ጋር አገናኘቻት። የብርነሽ ኮምፒውተር ማን ልበል ብላ ጠየቀች። ብርነሽ ተነስታ በራሷ ኮምፒውተር ላይ "ትርንጎ ጓንጉል" ብላ ጻፈችላት፤ ፓስወርዱን ትርንጎ ራሷ መረጠች። ከዚያማ በሩ ወለል አለ። ፎቶዎቹን ከፈተች፣ ገለበጠች፣ አንዱን አንስታ አስተካክላ መልሳ አስቀመጠች። ምንም የከለከላት የለም።

ብርነሽ ኮምፒውተርሽ ምንም የለባትም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለትርንጎ ግን ያ ቃል ከምርቃት በለጠባት። በባዕድ ቤት እንደ ልቧ ገብታ ወጥታ፣ የተከለከለችው ተወልዳ ባደገችበት ቤት መሆኑን አሁን በዓይኗ አይታለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ላፕቶፗን ሳትሸፍን ወደ ቤቷ ወረደች። ደስ ብሏታል፣ ተቆጥታለችም።

አቶ ጓንጉል ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸውና ወደ ትልቋ ክፍል አስገባቻቸው። ይርዳውም ሠራተኞቹም እዚያው ነበሩ።

"አባባ፣ እስከ ዛሬ የተመረመረችው የኔ ናት" አለች። "ዛሬ ትልቋ ትመርመርልኝ።"

ይርዳው ሳቀ። ትልቋ ገና አዲስ መሆኗን፣ ሁሉም እየገባባት እንደሚሠራ፣ እሷ ዘንድ ችግር ቢኖር ሁሉም ላይ በታየ ነበር ብሎ አስረዳ። ነገሩ እውነት ይመስላል። አቶ ጓንጉል ግን አርባ ዓመት ጥልፍ ያረሙ ሰው ናቸው፤ ክር ሲቋጠር የሚታየው ፊቱ ላይ ቢሆንም ቋጠሮው ከጀርባ እንደሆነ ያውቃሉ። ክፈታት አሉት።

ተከፈተች። መግባት የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ተደርድሮ ወጣ። ከላይ ባለቤቱ አቶ ጓንጉል አሉ። ይርዳው አለ። ባለፈው ፋሲካ የተቀጠረችው የማሽን ሠራተኛ አለች። ተጣልቶ ሥራ የለቀቀው ሰውዬ ስም እንኳ እስካሁን አልተነሳም። ትርንጎ የምትባል የለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ አገር በር ሲንኳኳ ከውስጥ "ማነው?" ይባላል፤ ከውጭ ያለውም "እኔ ነኝ" ይላል። ስሙን የሚናገር የለም፤ ድምፁ ይበቃል፣ ይከፈትለታል። አሮጌዋ ኮምፒውተር በዚህ ልማድ የምትኖር ነበረች፤ እኔ ነኝ ላለ ሁሉ ትከፍታለች። አዲሷ ግን ድምፅ አትለይም። ስም ትጠይቃለች፤ ያ ስም በባለቤቱ ፈቃድ ካልተጻፈ ዘመድ ይሁን ባዳ አታውቅም። የትርንጎ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ጊዜ ደጅ ቆማ እኔ ነኝ ስትል ነው የከረመችው። ቤቱ የሚያውቃት መስሏት።

አቶ ጓንጉል የሌላውን ሁሉ ስትጽፍ የእህትህን ስም ለምን ተውከው ብለው ጠየቁት። ይርዳው እንደ መዋሸት ቃጥቶት ነበር፤ አባቱ ፊት ግን አልሆነለትም።

"ነገ ሌላ አግብታ ትሄዳለች ብዬ ነው አባባ።"

ሠራተኞቹ ክራቸውን መፈለግ ጀመሩ። የትርንጎ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እሷ ግን አላወረደችውም። ቃሉ ያማል፤ ቢሆንም ከኬብልና ከቫይረስ ይሻላል፣ ቢያንስ እውነት ነው።

"ብሄድስ?" አለችው። "የሄደ ሠራተኛ ስም ተቀምጦ የኔ የሚወጣው ለምንድነው?"

አቶ ጓንጉል ለይርዳው ጻፍ ብቻ አሉት፤ ጻፈ። ትርንጎ ወደ ጓሮ ክፍሏ ሄዳ ላፕቶፗን ከፈተች፣ ስሟን አስገባች፣ በሩ ተከፈተላት። ልጃገረድ ሳለች የሳለችው ሁሉ እዚያው ነበር፤ አንዳንዱን እንዲያውም ረስታዋለች። ብቻዋን ሳቀች። ከአባቷ የእጅ ሥራ ረጅሙን አወጣችና ለወይዘሮ አልጋነሽ ልጅ እንዲሆን ጫፉ ላይ አንድ ቅጠል ጨመረችበት። ላስቀምጥ ስትል ግን ያች ጨዋ ጽሑፍ ብቅ አለች፤ የተፈቀደልዎ ለማየት ብቻ ነው።

ላፕቶፗን ይዛ ተመልሳ መጣች። ይርዳው በስህተት አንድ ነገር ቢጠፋስ ብዬ ነው፣ ለጥንቃቄ ነው እያለ ጀመረ።

"ለማየትማ እንግዳም ያያል" አለችው።

አቶ ጓንጉል ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። የኮምፒውተሩን ነገር አያውቁም፤ የቤታቸውን ነገር ግን ያውቃሉ። ለአንተ የሰጠሁትን ያህል ለእሷም ስጣት አሉት፤ ብትጨምር ትጨምር፣ ብትሰርዝ ትሰርዝ፣ ሐረጉ ሲያድግ የቆየው በእጇ ነው። ይርዳው ፈቃዱን ሙሉ አደረገላት። ትልቋ ግን እንዲህ ያለው ሙሉ ፈቃድ በባለቤቱ ካልጸደቀ አልቀበልም አለች። ይርዳው የአባቱን ጣት ይዞ ቁልፉ ላይ አሳረፈው፤ አቶ ጓንጉል ራሳቸው ተጫኑት። የትርንጎ ቅጠል ገባች።

ከዚያ ወዲያ ትርንጎ ከወንበሯ የተነሳችው ሥራው ሲያልቅ ነው። ማሽኗ ሐረጉን እየተከተለች ከቀሚሱ ጫፍ ጀምራ ሽቅብ ወጣች፤ ወገቡን ዞራ፣ ደረቱን አልፋ፣ ትከሻው ላይ አበበች። አንድም ቦታ አልተቆረጠችም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው አዩ። አቶ ጓንጉል በጣታቸው ከታች እስከ ላይ ዳሰሱትና የራሳቸው እጅ የት አብቅቶ የልጃቸው ከየት እንደሚጀምር ሳይነገራቸው አወቁ። በቤቱ የነበረው ኩራት እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም፤ ይርዳው ራሱ አላፊ አግዳሚውን እየጠራ ያሳይ ነበር።

ወይዘሮ አልጋነሽ ቀሚሱን ልትረከብ ከእህቶቿ ጋር መጣች። ዘርግታ አየችው፤ አገላበጠችው፤ የሚነቀፍ ነገር ፈልጋ አጣች። አመስግና ስታበቃ ትርንጎን ገልመጥ አድርጋ አየቻት። ሰፈሩ ሲያወራ የከረመውን አንጀቷ ውስጥ ይዛ መሄድ የማትችል ሴት ናት።

"ያንችዋ ተበላሽታለች ሲሉ ሰምቼ አዝኜ ነበር" አለች። "ለመሆኑ ዳነች?"

ትርንጎ አፏን ልትከፍት ስትል ይርዳው ቀደማት።

"የእሷስ ከመጀመሪያውም ደህና ነበረች" አለ። "ሲጠገን የሰነበተው የእኛው ቤት ነው።"