በምራቂ የመጣችው ዓሣ

ሰዎች! ዛሬ አውራ ጣት የምታክል ዓሣ ትዳሬን ልትበላው ነበር። እንዲያውም በልታው ይሆናል፣ ገና አልለየም!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጮኛዬ የሃያት አጎት ሐጂ ሙሜ «ልጄ የምትገባበትን ቤት በዓይኔ ልየው» አሉ። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ኒካህ የለም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጅቡቲ ወደብ ነው፣ ባሕር ነፍሳቸው ነው።

እኔ ሆዬ ምን አሰብኩ? አኳሪየም! ያውም የጨው ውሃ! (ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ በዚህ ሙቀት፣ መብራት ደስ ሲለው በሚሄድበት። አትሳቁ።)

ታንኩ ሲዘጋጅ መጋላ ገበያ፣ ከጅቡቲ ዓሣ የሚያስመጣው ፉአድ ጋ ሄድኩ። «ሰብሰብ ብለው የሚዋኙ ትንንሾች ስጠኝ፣ የሚዋደዱ» አልኩት። ክሮሚስ የሚባሉ አረንጓዴዎች አሳየኝ። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። ወደድኳቸው።

እዚህ ላይ ይዤ መውጣት ነበረብኝ።

ግን የድሬ ልጅ ነኛ! ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ያለ ምራቂ ንቅንቅ አልልም።

«አቦ መርቅልኛ! ያቺን ጥቁርና ነጭ የሆነችዋን ጣል አድርግልኝ።»

«ዋሪያ፣ ዓሣ ድንች ነው እንዴ? እሷ ጸበኛ ናት፣ ከእነዚህ ጋ አትሆንም!»

«ድሬ ገብቶ የማይስማማ አለ እንዴ?»

ሰለቸውና ሰጠኝ። አሸነፍኩ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ለብቻዬ እየሳቅኩ ገባሁ።

ዛሬ ሐጂ እንደተቀመጡ ጀመርኩ፦ «እነዚህ ዓሦች አይለያዩም። የእኔና የሃያት ቤትም እንዲሁ ነው የሚሆነው።»

ወዲያው ምራቂዋ ከድንጋይ ሥር ወጣች። አንዱን ነከሰች፣ ሌላውን አሯሯጠች። አረንጓዴዎቹ በሙሉ ጥግ ላይ ተለጠፉ!

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይቺ ጥቁሯ ማናት?»

«ምራቂ ናት ሐጂ።»

ይሄኔ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ሙና ከጓዳ ጮኸች፦ «ያንን ወንበር ማን አነሳው? እዚህ ቤት ያለ እኔ ፈቃድ ዕቃ አይነካም አላልኩም?»

ሐጂ ታንኩን አዩ። ጓዳውን አዩ። ታንኩን ደግመው አዩ።

ከዚያ ተነስተው ጫማቸውን እያደረጉ፣ «ልጄ፣ እኔ ሃያትን ያለ ምራቂ ነው የምሰጥህ። አንተስ?» አሉኝ።

በሩን ከፍተው ሄዱ። ይሄው ሃያት ስልኬን አታነሳም። ፈርቻለሁ፣ የእውነቴን ነው።

ፉአድ ዓሣዋን መልሳት ብሎኛል። እሺ፣ እሷስ ትመለሳለች። ለሙና ግን ማን ይንገርልኝ?

እኔ እንደሆን ከአረንጓዴዎቹ ጋ ጥግ ይዣለሁ።