ኖርዌይ ላለ ልጅ አሶሳ ሲጨፈር

ጎበዝ፣ አሶሳ ካልተጨፈረለት ኖርዌይ ላይ የማይበላ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ እዚያ ወልዳ ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጅ የሚያባብል ጎረቤት እንኳ የለም አሉ! ስለዚህ በምሳ ሰዓት ለእናቷ በቪዲዮ ትደውላለች፤ እኛም እንሰበሰባለን። ሕፃኑ ምናችንን አይቶ እንደሚጎርስ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለፈው እሑድ ግን አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። እትዬ ዘነበች እስክስታ ወረዱ። ባለሱቁ ሐጂ እንደ ፍየል ጮኹ። ወይ ፍንክች! ምን ይደረግ? እኔም በዚህ ቦርጬ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቼ ተንጠለጠልኩ። ይኼኔ ሳቀና ጎረሰ! እናቱ በደስታ አለቀሰች፤ እኛ እልል አልን።

ቁልቁል ሳይ የራሴ ልጅ ያልተነካ ሳህኗን ይዛ ቆማለች።

«አባዬ፣ ለእኔም ዛፍ የምትወጣልኝ ውጭ አገር ስሄድ ነው?»