አሠልጣኝ የማያሻቸው ጋሼ

መመከር ሞት የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሐርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ያሉት አሠሪዬ ጋሼ ታደሰ እንዲያ ናቸው። በሪሞት የሚበሩ ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች አስመጡና፣ «ሃያ ዓመት አየር መንገድ የሠራሁ ሰው ለአሻንጉሊት አሠልጣኝ ልቅጠር?» አሉ። ሐርጌሳ በጦርነት የፈረሰውን ስትገነባ እሳቸው ሁለቱን ሰበሩ።

አርብ ዕለት እንግዶች ጠርተው የቀረችውን አንዷን ሜዳ ላይ አስነሡ። አውሮፕላኗ ዞራ ወደ እኛ መጣች። ጋሼ ወደ ግራ ሲሏት ወደ ቀኝ፣ ወደ እንግዶቹ!

«ጋሼ፣ ወደ እኛ ስትመጣ ግራና ቀኟ ይገለበጣል» አልኩ በሹክሹክታ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ፓይለት ሆንሽ?» አሉኝ። እንግዶቹ መሮጥ ሲጀምሩ ግን፣ «በይ ያዢልኝ፣ ላቤን ልጥረግ!»

ሪሞቱን ተቀብዬ አሸዋው ላይ አሳረፍኳት።

«አያችሁ?» አሉ ጋሼ፤ «እኔ ያሠለጠንኩት ሰው እንዲህ ነው የሚያሳርፈው!»

እንግዶቹ አጨበጨቡላቸው። እኔም ሪሞቱን መሬት አስቀምጬ አብሬ አጨበጨብኩ።